እርድ የተጠቀለለበት ደረጃ

በሣጥኔ ውስጥ አሥር የጣሊያን መጽሔቶችና አንድ ነጠላ ቅጠል አሉ። መጽሔቶቹን ዕድሜ አጥቁሯቸዋል፤ የነጠላው ቅጠል ጠርዝ ግን እስከ ዛሬ ቢጫ ነው። የልጅ ልጆቼ ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር «አያ፣ አርበኛ ነበርክ ወይስ ባንዳ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ነገር ግን ይህንኑ ጥያቄ አንድ ቀን ጠመንጃ የያዘ ሰው ጠይቆኝ ያውቃልና ሳቄ ከጉሮሮዬ አያልፍም። ነገሩን ከነውርደቴ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ግንበኛ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ነው። ድንጋይ መጥረብን ከአባቴ፣ ፊደልን ከየኔታ ተምሬያለሁ። ጣሊያኖች ለሹሞቻቸው ቤት ያሠሩ ስለነበር ጥሩ ጠራቢ ይፈልጉ ነበርና ሄጄ ገባሁ። ሆዴ አስገድዶኝ ነው ብላችሁ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን መገንባት ስለምወድ ነው፤ ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ካቦው፣ የሥራችን አለቃ የሆነው ጣሊያን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ምስማር ወረወረልኝ። ምስማሩን አውጥቼ ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔ ሥዕሉ ላይ ተተከለ። ደረጃ ነው። የድንጋይ ደረጃ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከሥሩ ምሰሶ የለው፣ ቅስት የለው፣ አየር ላይ ነው ያለው። ምሳዬን ሳልበላ እሱን ሳይ ዋልኩ። ድንጋይ እንዲህ አይቆምም። ቆሞ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ካቦው አንብቦ የሚጥላቸውን መጽሔቶች መልቀም ጀመርኩ። የደረጃው ባለቤት በየመጽሔቱ ፎቶግራፉ ይወጣል፤ ራሰ በራ፣ ክብ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ካቦው በተሰባበረ አማርኛ «እሱ ትልቅ መሐንዲስ፣ ሮማ ሁሉ እሱን ያውቃል» አለኝ። ስሙን ማንበብ ስላልቻልኩ «መነጽራሙ» አልኩት። መነጽራሙ ያለበትን ሁሉ እሰበስባለሁ፣ የሌለበትን ለባለቤቴ ለብርቄ ለእሳት ማያያዣ እሰጣለሁ። ደረጃው በሦስት ተከታታይ መጽሔቶች ነበር የወጣው፤ ይህን ከሽፋኑ ቁጥር ነው ያወቅሁት። በመጀመሪያው ግንባታው ሲጀመር፣ በመጨረሻው አልቆ አንዲት ሴት ስትወርድበት ይታያል። መካከለኛው ጠፋ። ድንጋዩን የያዘው ምን እንደሆነ የሚያሳየው እሱ መሆኑን ልቤ ነግሮኛል።

ብርቄ አልወደደችውም። «የጠላት ወረቀት እንደ ዳዊት እያቀፍክ ትተኛለህ» ትለኝ ነበር። «ጎረቤት ምን ይላል?»

ጎረቤት የሚለውንማ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሰላምታውን እንኳ ለክቶ ነበር የሚሰጠው። ከጣሊያን ጋር የሚሠራ ሁሉ ጆሮ ጠቢ ነው፤ የማይሠራ ሁሉ ሽፍታ ያበላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት የጧት ጸሎታችን ሆኖ ነበር። እኔም ከማንም አላንስም፤ ሳል የሳለብኝን ሁሉ እጠረጥር ነበር።

የካቦውን ወጥ ቤት ስለ መካከለኛው መጽሔት ጠየቅሁት። ዓይኑን ሳይሰጠኝ «አሮጌውን ወረቀት ሁሉ የአልዩ አምባው ሐጂ ሰዒድ ለዕቃ መጠቅለያ ይገዙኛል» አለ። «አንተ ግን ወረቀት ወረቀት ማለቱን ብትተው ይሻልሃል።» የመጨረሻዋ ቃል አልጣመችኝም። ወጥ ቤትን ስለ ወረቀት ምን አስጨነቀው?

ሐጂ ሰዒድን በሩቁ አውቃቸዋለሁ። ጨው፣ ቡናና ቅመም ይነግዳሉ። ከጣሊያኖቹ ግቢ በቅሏቸውን እየጎተቱ ሲወጡ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ ዘበኞቹ ሰላም ይሏቸዋል። ዘበኛ ሰላም የሚለው ሰው በእኔ መዝገብ ባንዳ ነው። ቢሆንም ደረጃው አሸነፈኝና የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ የይለፍ ወረቀቴን ይዤ፣ በአንኮበር አድርጌ ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ።

በገበያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሱቃቸው ደረስኩ። ሐጂ ለሶላት ሄደዋል፤ ሚስታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው የሚሸጡት። ከጎናቸው የወረቀት ክምር አለ። ድምብላል ትንሽ አልኳቸው፤ ጠቀለሉልኝ፤ መነጽራሙ የለበትም። ጥቁር አዝሙድ ትንሽ፤ የለበትም። ኮረሪማ አልኩ።

«ልጄ፣ ሰርግ አለብህ እንዴ?» አሉኝ።

ልመልስ ስል ከሚዛኑ ጀርባ፣ በጨርቅ ግማሹ የተሸፈነ ጥቅል ዓይኔን ያዘው። እርድ ነው፤ ቀድሞ የተጠቀለለ። ወረቀቱ ላይ የደረጃዬ ጫፍ ይታያል።

«ያንን ይስጡኝ» አልኩ።

«እሱ የሰው ይሆናል፤ ሐጂ ናቸው ለብቻ ያስቀመጡት።»

«ባለቤቱ ቢመጣ ሌላ ይጠቀልሉለታል። እርድ እርድ ነው።»

አመነቱ፤ ከኋላዬ ገበያተኛ ይጋፋል። ሰጡኝ። እንደ ሌባ እየተቻኮልኩ ሽቅብ ወደ አንኮበር መንገድ ያዝኩ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደወጣሁ መታገሥ አቃተኝ። እርዱ ሥዕሉን እንዳያበላሽብኝ ጋቢዬ ጫፍ ላይ ገለበጥኩት፤ ጥቂት ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። ከእርዱ ጋር ጥፍር የምታክል የታጠፈች ወረቀት ወደቀች። የነጋዴ ምልክት መሰለችኝና ዞር ብዬም አላየኋት። የቸኮልኩት ቅጠሉን ለማራገፍ ነበር። አጥፌ እጀ ጠባቤ ውስጥ ከተትኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ብዙም ሳልርቅ ከታች የሚሮጥ እግር ሰማሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው። ረጅሙ እያለከለከ «ሐጂ ተመለስ ብለውሃል» አለ። «ሚዛኑ ተሳስቷል። አጉድለውብሃል፤ ሊሞሉልህ ነው።»

እስቲ እናንተ ፍረዱ። በየትኛው አገር ነው ነጋዴ የጎደለ እርድ ሊሞላ ዳገት ላይ ሰው የሚያስሮጥ? ረጅሙ ጋቢውን ሲያስተካክል የጠመንጃ አፈሙዝ ብቅ ብሎ ተመለሰ። «አይ፣ ለእኔ ይበቃኛል፤ ጉድለቱን ትቼላቸዋለሁ ብሏል በሉልኝ» አልኩ።

«ሐጂ የሰው ሐቅ አይወዱም» አለ፤ ክንዴን ያዘ። በመሐላቸው አድርገው ቁልቁል መለሱኝ። እኔ በልቤ የባንዳ እጅ ላይ ወደቅሁ እያልኩ የማርያምን ስም እጠራለሁ።

ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጎተራ አስገቡኝ። የቡና ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በአንድ በኩል አሞሌ ጨው እንደ ግንብ ቆሟል። ሐጂ ሰዒድ ጆንያ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ቀጭን፣ ጢማቸው ሂና የነካው ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ሰው ውጭ ቀርቶ በሩን ከኋላዬ ዘጋው።

«እርዱ የት አለ?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

የጋቢዬን ጫፍ ፈትቼ አሳየኋቸው። ጣታቸውን እርዱ ውስጥ ከተው ፈተሹ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ከእርዱ ሌላስ?»

«ከእርዱ ሌላ ምን ነበረ?»

«ማነው የላከህ?» አለ ረጅሙ። ስሙ ደምሴ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት፤ የአንኮበር ካህን ልጅ ነው። «ጥቅሉ የት እንደተቀመጠ ማን ነገረህ? ከተቆለለው ሁሉ ያንን ምን አስመረጠህ?»

ፈራሁ። ፍርሃት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ምክር ነው የሰጠኝ። ሰዎቹ ባንዳ ናቸው፤ ባንዳ የሚፈራው ጣሊያንን ነው፤ ስለዚህ ጣሊያን ልጥራባቸው አልኩ። የይለፍ ወረቀቴን አውጥቼ ከፍ አደረግሁና፣ «እኔ የካቦው ሰው ነኝ!» አልኩ። «ደብረ ብርሃን ያሉት ሹሞች በስሜ ያውቁኛል። አንድ ነገር ብሆን ይጠይቋችኋል!»

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልደነገጡም፤ የሐጂ መቁጠሪያ ብቻ ቆመ።

«ሰሙ ሐጂ?» አለ ደምሴ። «በገዛ አፉ። ለባንዳ ምስክር አይጠራም፤ እኔ ወደ ገደሉ ልውሰደው።»

ባንዳ ሲለኝ ነው የነቃሁት። ለካ እነሱ እኔን ፈርተው፣ እኔ እነሱን ፈርቼ፣ ስምንት ክንድ በማትሞላ ጎተራ ውስጥ ስንጠራጠር ኖረናል፤ እኔም ራሴን በገዛ ምላሴ ገደልኩ። «አይደለሁም! ባንዳ እናንተ ናችሁ ብዬ ነው!» አልኩ። ደምሴ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። እውነትም ከዚያ በኋላ ማን ያምናል?

ሐጂ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ልጄ፣ እርዱን ለምን ከጥቅሉ አወጣኸው?»

«ወረቀቱን ፈልጌ ነው።»

«ወረቀቱ ምን አለው?»

ከእጀ ጠባቤ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ለራሴም ገና ማየቴ ነው። ልባችሁ ቢዝንብኝም እውነቱን ልናገር፤ ጠመንጃው ጀርባዬ ላይ እያለ ሥዕሉን ሳየው ደስታ ገባኝ። ግድግዳው ለሁለት እንደተሰነጠቀ ተስሏል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጫፉን ግድግዳው ውስጥ ቀብሮ፣ በፊት ጠርዙ ከሥሩ ባለው ደረጃ ትከሻ ላይ ያርፋል። ይኸው ነው ምስጢሩ።

«ገባኝ» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ እንጃ። «ሐጂ፣ የሚይዘው ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ እርስ በርስ ነው የተያያዘው። ይመልከቱ።»

ፈቃድም ሳልጠይቅ አሞሌዎቹን አነሣሁ። የመጀመሪያውን መሬት ላይ አድርጌ አንድ ጫፉን ከቡና ጆንያ ሥር ሰካሁት። ሁለተኛውን ከበላዩ በትንሹ አሳርፌ ሌላ ጆንያ ጫንኩበት። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አንዱ አልገጥም ሲለኝ «ያንን ጆንያ ያዝልኝ» ብዬ ደምሴን አዘዝኩት፤ እሱም ሳያስበው ያዘው። ስጨርስ የአሞሌ ደረጃ ከጆንያው ግድግዳ ወጥቶ አየር ላይ ቆመ። ሐጂ ተነሥተው በመዳፋቸው ከላይ ተጫኑት። አልተነቃነቀም። ደገሙት።

«ሱብሃነላህ» አሉ። ከዚያም ወደ ደምሴ ዞረው፣ «ሰላይ ሞቱን ረስቶ ጨው አይደረድርም» አሉ።

«ሰላይም እጅ አለው፣ ሐጂ።»

«እጅ አለው። ይህ ግን ልቡም እዚያው ነው።» ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ እርዱ ውስጥ ትንሽ እጥፍ ወረቀት ነበረች። የሰው ነፍስ አለባት። አስብ።»

ያኔ ትዝ አለችኝ። «ጣልኳት» አልኩ።

ደምሴ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። «ዕቃውን ጥሎ መጠቅለያውን! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች አሉ፤ ይህ ደግሞ አፍስሶም አልለቀመ!»

«የጣልኩበትን አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ከዚያ ሁሉ ድንጋይ መሐል?»

«ግንበኛ ነኝ፤ ድንጋይ አይጠፋኝም። በአንድ ጎኑ የተጠረበ ነው፤ ከአንኮበር አሮጌ ግንብ ተንከባሎ የወረደ መሆን አለበት። እርዱ የፈሰሰው እሱ ላይ ነው።»

ሐጂ በበቅሎ፣ እኔና ደምሴ በእግር ወጣን። ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ደምሴ ከኋላዬ ነው የሚሄደው፤ ጠመንጃውን ግን ከጋቢው አውጥቶታል። ድንጋዩን ሳልስት አገኘሁት፤ የተጠረበው ጎኑ ላይ ቢጫው ይታያል። ወረቀቷ ግን የለችም። ሣሩን ገለጥን፣ ጠጠሩን አገላበጥን፤ የለችም።

«እንግዲህ» አለ ደምሴ።

«አንዴ ቆይ» አልኩት። በግንባታ ላይ አቧራ ዓይኔ እንዳይገባ ነፋስን ማየት ልማዴ ነው። ከሰዓት በኋላ የቆላው ነፋስ ዳገቱን ይዞ ሽቅብ ነው የሚነፍሰው፤ እኛ ስንፈልግ የነበረው ከድንጋዩ በታች ነው። ወደ ላይ ወጣሁ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ በእሬት ቁጥቋጦ እሾህ መካከል ቢጫ ነገር አየሁ። እጄን ሰደድኩ፤ እሾሁ ወጋኝ፤ ያዝኳት።

አልገለጥኳትም። ለደምሴ ሰጠሁት። አነበባት፤ አንዴ ሐጂን፣ አንዴ እኔን አየና ወደ አንኮበር ሽቅብ ሮጠ። እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሐጂ ከበቅሏቸው ወርደው የተጠረበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ነገ አንኮበር ተዝካር አለ» አሉኝ። «ሟቿ የአንድ አርበኛ እናት ናቸው። ልጅ የእናቱን ተዝካር አይቀርም፤ ጣሊያንም ይህን ያውቃል። ወረቀቷ አትምጣ ነው የምትለው። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።»

አልጠየቅኋቸውም፤ ወሬው ከጣሊያኖቹ ግቢ በአሮጌ ወረቀት መሐል እንደሚወጣ፣ ወጥ ቤቱም ለምን ዓይኑን እንደነፈገኝ ግን ያኔ ገባኝ።

«እኔን ምን ብለህ ነበር የጠረጠርከኝ?» አሉ።

«ባንዳ ነዎት ብዬ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «አልሃምዱሊላህ። ጣሊያኑም እንዲሁ እንዲያስብልኝ ዱዓ አድርግልኝ።» ከዚያ ቅጠሉን አጣጥፈው መለሱልኝ። «ወረቀትህን ያዝ። ቤት የምትሠራበት ቀን ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

አርበኛው ተዝካሩ ላይ አልመጣም፤ ተረፈ። ወሬው ደብረ ብርሃን ሲደርስ ለብርቄ እንኳ ሳልነግር ብቻዬን ደስ አለኝ።

ታሪኬ እዚህ ቢያልቅ ለልጅ ልጆቼ ደጋግሜ እነግራቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጣሊያኖች ሐጂ ሰዒድን ከሱቃቸው እንደወሰዷቸው ሰማሁ። ሰው ጠቁሞ ነው ተባለ። እኔስ ምን አደረግሁ? እንባ አልመጣልኝም። የመጀመሪያ ሐሳቤ «ሲገርፏቸው ስሜን ይጠራሉ» የሚል ነበር። ሁለተኛውም ያው ነው። መጽሔቶቹን ማድጋ ውስጥ ቀብሬ፣ ብርቄን ይዤ ደነባ ዘመዶቿ ዘንድ ሸሸሁ። እዚያ በር በተንኳኳ ቁጥር ሐጂን በልቤ ስከስ ከረምኩ። በመጨረሻ ማንም አልመጣብኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አልዩ አምባ ወረድኩ። ሐጂ አልተመለሱም፤ የት እንደወደቁ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ወይዘሮ ዘሀራ ሱቁን ብቻቸውን ይዘዋል። ሲያዩኝ ወዲያው አወቁኝ።

«ወላሂ፣ የእርዱ ልጅ!» አሉና ለብቻ አስቀመጡኝ። «እሳቸውን የወሰዷቸው ለት ደምሴ ስንቁን ቋጥሮ ነበር፤ ከዚያ ግንበኛ ሌላ ማን ያውቃል ብሎ አንተን ሊገድል። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ሐጂ ሲወጡ ጫማ የሚፈልጉ መስለው ወደ እኔ ዞር አሉና፣ ‹ማን ጠቆመ ተብሎ ይፈለጋል፤ ያንን ልጅ እንዳይነኩት፣ እሱ አይደለም› አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ለእኔም አልተረፈኝ።»

ሰውየው ለሚስቱ የሚሰናበትባትን ትንፋሽ ለእኔ አወጣት። እኔ በዚያው ሰሞን ደነባ ተቀምጬ እሳቸውን እጠረጥር ነበር። ወይዘሮ ዘሀራ ፊቴን አይተው ሐዘን መሰላቸው፤ ውሃ አመጡልኝ። ደነባ መሸሼን አልነገርኳቸውም።

«ለቤትዎ የምሠራው ነገር አለ?» ነው ያልኳቸው።

ጎተራው ላይ ቆጥ ነበር፤ በተሰበረ መሰላል ነበር የሚወጡበት። ሁለት ወር አልዩ አምባ ተቀምጬ ድንጋይ ጠርቤ የመነጽራሙን ደረጃ ሠራሁላቸው። ያን ቢጫ ቅጠል ግድግዳው ላይ ሰክቼ እያየሁ ነው የሠራሁት። ከሥሩ ምሰሶ የለውም። የሠፈሩ ሰው ሊያየው መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል እንጂ የሚረግጠው ጠፋ፤ ይወድቃል ብለው ነው።

አንባቢዎቼ፣ መጠርጠር ክፉ ነው ብዬ ልሰብካችሁ አልተቀመጥኩም። በዚያ ዘመን ያልጠረጠረ እውነትም ተመንጥሯል፤ ሐጂ ራሳቸው ጠርጥረው ነው እኔን ጎተራ ያስገቡኝ። ነገር ግን ጠይቀው፣ አይተው፣ አንዴ ካመኑ በኋላ ሞት ደጃቸው ቆሞ እንኳ እምነታቸውን መልሰው አልወሰዱም። እኔ ግን ነፍሴን ከሰጡኝ ሰው ላይ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እምነቴን ነጠቅሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ክፉ ሲነገረኝ «አንዴ ቆይ» እላለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ደረጃው ያለቀ ለት ወይዘሮ ዘሀራ ከሱቁ ገቡ። እጃቸው ላይ የበርበሬ ቁና ይዘዋል።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

ሌላ አልጠየቁም። ቁናውን እንደያዙ፣ ግድግዳውን እንኳ ሳይደገፉ፣ እስከ ላይ ወጡ። እኔ ብሆን መጀመሪያ በእጄ ገፋ አድርጌ አየው ነበር።